ያልተደባለቀው ዕጣ

ደብረ ታቦር፣ ሰኔ 6 ቀን 2007 ዓ.ም.

ለምወድሽና ለማከብርሽ ታላቅ እህቴ፣

እታለም፣ አንበሳሜ እንዴት ይዞሻል? ያ ሲያስነጥስሽ የከረመው ብርድ ለቀቀሽ ወይ? የአዲሱ መሥሪያ ቤትሽ ሰዎችስ ደጎች ናቸው? እኔ በሥጋዬ ደህና ነኝ፤ አምላክ አልጣለኝም። እዚህ ክረምቱ ቶሎ ገባ። ጉና ተራራ አናቱን በደመና ከሸፈነ ሳምንት አልፎታል፤ ከሰዓት በኋላ ባጃጅ እንኳ ማግኘት ቸግሯል።

ይህን ነገር በስልክ ልነግርሽ ሦስት ጊዜ ሞክሬ ሦስቴም ስለ ዝናቡ አውርተን ዘጋን። ድምፅሽን ስሰማ ልቤ ይከዳኛል። ስለዚህ ጻፍኩ። ለሚኒባስ ሹፌር አልሰጠሁትም፤ በዚህ ሰሞን ሰው ማመን ትቻለሁ። በፖስታ ቤት ነው የላክሁት። ማሸጊያው ተነክቶ ከደረሰሽ ንገሪኝ። ብቻሽን ሆነሽ አንብቢው። የምታውቂውንም የማታውቂውንም ከመጀመሪያው እጽፈዋለሁ፤ ነገሩን ለራሴም መልክ ማስያዝ አለብኝ።

አንቺ በትርፍ ሰዓትሽ ጸሐፊ ሆነሽ ያገለገልሽው የመምህራን የቤት ማህበራችን መቶ ሃያ አባላት ነበሩት። የተሰጠን ቦታም መቶ ሃያ ነው። ወደ ገሳይ ከሚወስደው አስፋልት ጀምሮ ቁልቁል ወደ ወንዙ ይወርዳል። ከአንድ እስከ ሃያ ያለው አስፋልቱን ይዞ ነው፤ ከዘጠና በላይ ያለው ክረምት ጎርፍ የሚሄድበት ገደል አፍ ላይ ነው። ማን የት ይስፈር ሲባል ዕጣ ይውጣ ተባለ። አባላት በምዝገባ ተራቸው እየተጠሩ ከጀሪካን አንድ አንድ ወረቀት ያወጣሉ፤ በወረቀቱ ላይ ያለው ቁጥር ቦታቸው ይሆናል።

መጋቢት 19 ቅዳሜ ጠዋት አዳራሹ ሞልቶ ነበር። አንቺ ራስሽን አሞሽ ቤት ቀርተሻል። ሊቀመንበሩ ጋሽ ደሞዜ፣ አንቺንም እኔንም በአምስተኛ ክፍል ሒሳብ ያስተማሩን እሳቸው፣ አናቱ የተቆረጠውን የዘይት ጀሪካን በሁለት እጃቸው ከፍ አድርገው በሕዝብ ፊት ነቀነቁት። ከዚያ የስም ጥሪ ተጀመረ። እኔ ዘጠነኛ ተጠራሁ። እጄን ስሰድ የተጠቀለሉት ወረቀቶች እርስ በርስ ተጣብቀው ጣቴ ወደ ውስጥ አልገባልኝም። ከላይ ያለውን አነሳሁ። ስምንት ቁጥር ነበር። አስፋልት ዳር።

ለምን ዘጠነኛ እንደተጠራሁ አልጠየቅሁም። ምዝገባው ከሁለት ዓመት በፊት ነበር፤ እኔም ወዲያው ለትምህርት ወደ ባሕር ዳር ሄጄ ተራዬን ረስቼዋለሁ። ደስ ስላለኝ አልጠየቅሁም።

ሰኞ የስም ዝርዝሩ ከነቦታ ቁጥሩ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ተለጠፈ። ጥላዬን ታውቂዋለሽ፤ ፊዚክስ የሚያስተምረው፣ ነገር የማያልፈው። እሱ ዘጠና ሰባተኛ ተጠርቶ መቶ አንድ ቁጥር ደርሶታል። ሰሌዳው ፊት ቆሞ ጠበቀኝና፣ «አንተ የቁጥር ሰው ነህ፤ ይሄ ነገር አይሸትህም?» አለኝ። ሳቅሁበት። ግን ዓይኔ ዝርዝሩን ከላይ ወደ ታች ሲወርድ አንድ ነገር ያዘው። ቁጥሮቹ ይወዛወዛሉ፤ አንዱ ከፍ ሌላው ዝቅ ይላል፤ ከሩቅ ሲታዩ ግን እንደ ደረጃ ወደ ላይ ይወጣሉ። መጀመሪያ የተጠሩት ትንሽ ቁጥር፣ መጨረሻ የተጠሩት ትልቅ ቁጥር።

ለሁለተኛ ዲግሪዬ የጻፍኩት ጽሑፍ ትዝ ይልሻል? «ቁጥር ቢደባለቅ ባይደባለቅ ለማን ምን ይጠቅማል?» ብለሽ የሳቅሽበት? ስለዚሁ ነበር። ቁጥሮች በዘፈቀደ ሲደረደሩ በመካከላቸው ምን ዓይነት ቅርጽ ይወጣል፣ ስንት ጊዜስ ይወጣል፣ ነው ጥያቄው። አንዱን ቅርጽ ብቻ ልንገርሽ። ሦስት፣ አንድ፣ አራት፣ ሁለት፣ አምስት ተብሎ ተጽፏል እንበል። ከግራ ወደ ቀኝ ስትሄጂ ሁልጊዜ የሚጨምር ቁጥር ብቻ ትለቅሚያለሽ፤ ያልጨመረውን ትዘያለሽ። አንድ፣ አራት፣ አምስት ብለሽ ሦስት ማግኘት ትችያለሽ፤ ከሦስት በላይ ግን አይገኝም። ይህን «መሰላል» ብለን እንጥራው። እንግዲህ መቶ ሃያ ቁጥር በደንብ ከተደባለቀ ረጅሙ መሰላል አሥራ ስምንት ገደማ ነው የሚሆነው። አሥራ አምስትም ሃያ ሁለትም ሊሆን ይችላል። ሃያ ስድስት ከደረሰ ብርቅ ነው። ይህን ማንም ፈልጎ የሚያደርገው አይደለም፤ ዕጣ ዕጣ ከሆነ የሚሄድበት መንገዱ ነው።

ዝርዝሩን በደብተሬ ገልብጬ ቤቴ ገባሁ። የእኛ መሰላል ሃምሳ ሁለት ወጣ።

ተሳስቼ ይሆናል ብዬ እንደገና ቆጠርኩ። ያው ሃምሳ ሁለት። በማግስቱ ተማሪዎቼን መቶ ሃያ ወረቀት አስቆርጬ፣ ሰፌድ ላይ በትነን እያመስን፣ አንድ በአንድ እያወጣን ጻፍን። ሠላሳ ጊዜ ደጋገምነው። ትንሹ አሥራ አምስት፣ ትልቁ ሃያ ሁለት ሆነ። ተማሪዎቹ ለምን እንደማሠራቸው አላወቁም። ያ ጀሪካን አልተደባለቀም። ወረቀቶቹ በቁጥራቸው ተራ ተደርድረው፣ ጠባብ ዕቃ ውስጥ እንዲጣበቁ ተደርገው፣ ትንሹ ከላይ ትልቁ ከታች ሆኖ ነው የገቡት። ቢነቀነቅም አይነቃነቅም። ሰው ጣቱን ሲሰድ ትንሽ ያተራምሰዋል እንጂ ተራውን አያጠፋውም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሌላ ሰው ሆንኩ፣ እታለም። ሰላም ያለኝን ሁሉ ስንተኛ ተጠርቶ ስንት ቁጥር እንደደረሰው በልቤ እየፈለግሁ ነው ሰላምታውን የምመልሰው። ሁለት ሰው ቆሞ ካወራ ስለዚሁ ይመስለኛል። ገንዘብ ያዡን ጠረጠርኩ። አዳራሹን የከፈተውን ዘበኛ ጠረጠርኩ። ጥርጣሬዬ በየሰዉ በር ሲዞር ከርሞ በመጨረሻ ጋሽ ደሞዜ ደጅ ላይ ቆመ። ልጃቸው ምናለ አምስተኛ ተጠርቶ ስድስት ቁጥር ደርሶታል። ጀሪካኑን የያዙት እሳቸው፤ የነቀነቁት እሳቸው። ሌላ ምን እፈልጋለሁ? አንድ በር ብቻ ነበር ያላንኳኳሁት። አጠገቡ እንኳ አላለፍኩም።

ለጠቅላላ ጉባኤው ማመልከቻ ጻፍኩ። መሰላሉን፣ የተማሪዎቹን ሠላሳ ሙከራ፣ ሁሉንም አያይዤ። የሳቸውን ስም ሁለት ቦታ ጠቀስኩ። ጥላዬ አባዝቶ በተነው። ፋሲካ ባለፈ በሳምንቱ ጋሽ ደሞዜ ከሊቀመንበርነታቸው ታገዱ። አርባ ዓመት ያስተማሩ ሰው መንገድ ላይ ሲያልፉ ያስተማሯቸው ልጆች ወደ ሱቅ ይገቡ ጀመር። ከሰንበቴያቸውም ቀሩ። ደም ግፊታቸው ተነስቶ ሁለት ቀን ተኙ ሲባል ሰማሁ፤ እንዲያውም «ሕሊናው ነው» ብዬ ለጥላዬ ተናግሬያለሁ። ይህን የጻፍኩልሽ እንድታውቂው ነው።

ከተኙበት እንደተነሱ ቢሮዬ መጡ። ከዘራቸውን ተደግፈው በሩ ላይ ቆመው፣ «ልከራከርህ አይደለም የመጣሁት። ሒሳቡን አሳየኝ» አሉኝ። አስቀመጥኳቸውና አሳየሁ። መነጽራቸውን አድርገው፣ በእርሳስ እየጫሩ፣ መሰላሉን ራሳቸው ቆጠሩት። ሲጨርሱ ወረቀቱን አጥፈው፣ «ልክ ነህ። አልተደባለቀም» አሉ።

«ታዲያ ማን ነው ጀሪካኑን የሞላው?» አልኳቸው።

 ፊቴን ሳይሆን መስኮቱን እያዩ፣ «ሊቀመንበሩ እኔ ነኝ። የተቀበልኩት እኔ ነኝ። ሳልፈታትሽ መቀበሌ የእኔ ጥፋት ነው» አሉ።

«ከማን ነው የተቀበሉት?»

«ይኸን አልነግርህም። አንተም ባትጠይቀኝ ይሻልሃል» ብለው ተነስተው ሄዱ።

እኔ ምን እንዳሰብኩ ታውቂያለሽ? ልጃቸውን ሊሸፍኑ ነው አልኩ። ሌላ ሐሳብ ወደ ጭንቅላቴ አልመጣም፤ ወይም ሊመጣ ሲል በሩን ዘጋሁበት።

በዚያው ሳምንት የቆየ ጽሑፌን ልፈልግ ሻንጣዬን ገለበጥኩ። ከመጽሐፎቹ መካከል የማህበሩ የምዝገባ ወረቀቴ ወደቀ። ስሜ፣ ፊርማዬ፣ የማህበሩ ማህተም። የምዝገባ ቁጥር፦ መቶ አሥራ ሦስት።

መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ሃምሳ ሁለት የቆጠርኩ ሰው አንድ ቁጥር አልቆጠርኩም፤ የራሴን።

በማግስቱ መዝገቡን ለማየት ወደ ማህበሩ ቢሮ ሄድኩ። አመልካች ስለሆንኩ አልከለከሉኝም። ዘጠነኛው መስመር ላይ መጀመሪያ የተጻፈው ወደ ወረታ ተዛውሮ ከማህበሩ የወጣ መምህር ስም ነበር። በፍሉድ ጠፍቶ በላዩ የእኔ ስም ተጽፏል። በመቶ አሥራ ሦስት ላይ ደግሞ ዘግይቶ የመጣ ሰው ገብቷል። ጽሕፈቱን አየሁት፣ እታለም። የስሜን የመጨረሻ ፊደል እግሩን ወደ ግራ የሚጎትት እጅ ነው። ያንን እጅ አውቀዋለሁ። አንደኛ ክፍል ስገባ በደብተሬ ሽፋን ላይ ስሜን የጻፈልኝ እሱ ነው፤ ተከራይተን በኖርንባቸው አሥራ አንድ ቤቶች ሁሉ ደብተሮቼን የሸፈነልኝ እሱ ነው።

መዝገቡን ዘግቼ ወጣሁ። ለማንም አልተናገርኩም።

ከዚያ በኋላ ያለፈው ሁሉ ተመልሶ መጣብኝ። ዕጣው በወጣበት ቀን እኩለ ቀን ላይ ወደ አንቺ ስሮጥ፣ ገና ጫማዬን ሳላወልቅ፣ ቁጥሬን ሳትጠይቂኝ፣ «አስፋልት ዳር ነፋስ ይበዛል፤ ቶሎ ዛፍ ትተክላለህ» አልሽኝ። ደስታሽ ነው ብዬ አለፍኩት። ከሁለት ሳምንት በኋላ ዝውውር ጠየቅሽ። ለምን ስልሽ ደብረ ታቦር ሰለቸኝ አልሽ፤ አንቺ፣ ከዚህ ከተማ ውጪ ሁለት ሌሊት አድረሽ የማታውቂው። ጋሽ ደሞዜ መታገዳቸውን በስልክ ስነግርሽ ዝም አልሽና መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ «ሃሎ፣ ሃሎ» አልኩ። በሳምንቱ በሚኒባስ አንድ ፌስታል በሶ ላክሽልኝ። አንድ ቃል እንኳ አልጻፍሽበትም። ወረቀቱ ከዱቄቱ ጋር ተደባልቆ ይሆናል ብዬ በእጄ ፈልጌያለሁ።

አልፈርድብሽም። በአሥራ ስድስት ዓመትሽ ትምህርት ያቋረጥሽው ለእኔ ነው። አከራዮቻችን ውጡ ባሉን ቁጥር ሳጥኑን በራስሽ የተሸከምሽው አንቺ ነሽ። አንድ ቀን ማንም ውጣ የማይለው ቤት ይኖረዋል ትይ የነበረውን እሰማ ነበር፤ እንደተኛሁ ይመስልሽ ነበር እንጂ። ግን የሽማግሌው ዝምታና ያንቺ ዝምታ በአንድ ልቤ ውስጥ አልገጥም አሉኝ። እሳቸው ሰው ላለማጋለጥ ዝም አሉ። ያንቺውን ምን እንደምለው እስካሁን ስም አላገኘሁለትም።

ጠቅላላ ጉባኤው የግንቦት ልደታ ማግስት እሁድ ተጠራ። ጋሽ ደሞዜ ከፊት ወንበር ብቻቸውን ተቀምጠዋል፤ በግራም በቀኝም ያለው ወንበር ባዶ ነው። ጥላዬ የእኔን ሒሳብ ከእኔ በላይ አጣፍጦ አስረዳ። ከዚያ ከኋላ ፈንታነሽ ተነሳች። ገሳይ የምታስተምረው፣ አንድ እግሯ የማይታዘዛት። እሷ ዕጣው መቶ አሥራ ስድስት፣ ገደሉ አፍ ላይ ነው የጣላት። በምርኩዟ ቆማ፣ በለሆሳስ፣ «እኔ ሒሳብ አላውቅም። አንድ ጥያቄ ነው ያለኝ» አለችና ወደ እኔ ዞረች። «ስንመዘገብ አንተ ከፊቴ ነበርክ። ስክሪብቶ አውሰኸኝ ነበር። እኔ መቶ አሥራ አራት ነኝ። አንተ እንዴት ዘጠነኛ ተጠራህ?»

 ጥላዬ መጀመሪያ እኔን አየ፤ ከዚያ ፊቱ ቀስ እያለ ተለወጠ። «ቆይ» አለ፣ «ቆይ፤ ያን ጊዜ መዝገቡን የያዘችው፣ ወረቀቶቹንም ጠቅልላ ያዘጋጀችው—»

አላስጨረስኩትም። ተነሳሁ። «እኔ ነኝ» አልኩ። «የቢሮውን ቁልፍ እህቴ ሳታውቅ ከቤቷ ወሰድኩ። መዝገቡ ላይ የስሜን ቦታ የለወጥኩት እኔ ነኝ። ወረቀቶቹን ደርድሬ ጀሪካኑን የሞላሁትም እኔ ነኝ። ሌላ የሚያውቅ ሰው የለም።»

«ታዲያ ራስህ ለምን ከሰስክ?» ብሎ አንዱ ጮኸ።

ለዚህ አልተዘጋጀሁም ነበር። «ሰው መጠርጠር ሲጀምር ጥርጣሬውን ቀድሜ ወደ ሌላ ላዞረው ብዬ» አልኩ። ያመኑኝ ይሄኔ ነው። እውነት የማይመስለውን ሁሉ ትተው ይህችን አመኑ፤ ክፉ ስለሆነች ይመስለኛል።

ከማህበሩ ተሰረዝኩ። ስምንት ቁጥርም ሄደ፤ በምትኬ ሌላ ሰው ገባ። ለመሥሪያ ቤቴ ደብዳቤ ተጽፎ ጉዳዬ በዲሲፕሊን እየታየ ነው፤ እስካሁን ማስተማር አልከለከሉኝም። ተማሪዎቼ ግን ሰሌዳው ላይ ቁጥር ስጽፍ ከኋላዬ ይንሾካሾካሉ። ጋሽ ደሞዜ በዚያው ስብሰባ ይቅርታ ተጠይቀው ወደ ቦታቸው ተመለሱ። ሁሉም ተነስቶ አጨበጨበ። እሳቸው አላጨበጨቡም፤ ሲያዩኝ ነበር።

ስወጣ በሩ ላይ ጠበቁኝ። ክንዴን ይዘው ከሰው ራቅ አደረጉኝና፣ «ሒሳብ ያስተማርኩህ እኔ ነኝ። ውሸት ግን አላስተማርኩህም፤ አልቻልክበትም» አሉኝ። ይቅርታ ልላቸው አፌን ስከፍት፣ «የእኔን ትቼልሃለሁ» ብለው ከዘራቸውን አንስተው ሄዱ። የማንን እንዳልተዉ አልነገሩኝም።

ዕጣው ግንቦት ሠላሳ እንደገና ወጣ። አዳራሽ አላስገቡኝም፤ በመስኮት ነው ያየሁት። አሁን በሰፌድ አድርገው፣ በሁሉም ፊት በትነው፣ ሦስት ሰው እየተቀባበለ አመሰው። ዝርዝሩ ሲለጠፍ ገልብጬ መሰላሉን ቆጠርኩ። አሥራ ሰባት። ንጹሕ ዕጣ ነው፣ እታለም፤ ከዚህ የበለጠ ንጹሕ ዕጣ አላየሁም። ፈንታነሽ ሰባ አራት ደረሳት፤ ከገደሉ ወጥታለች፣ ከአስፋልቱ ግን ገና ሩቅ ናት። ጥላዬ ዘጠና ዘጠኝ ደረሰው። የጋሽ ደሞዜ ልጅ ምናለ ደግሞ ሦስት ቁጥር አወጣ።

ወዲያው ማጉረምረም ተጀመረ። እንደገና አስፋልት ዳር? እንደገና የሊቀመንበሩ ልጅ? ሰሌዳው አጠገብ ቆሜ ስለነበር ልቤ አላስቻለኝም። ከመቶ ሃያ ሰው አንዱ ሦስት ቁጥር ማውጣቱ የግድ ነው፤ የዛሬው ዕጣ ምንም እንከን የለበትም፤ ቆጥሬዋለሁ አልኳቸው። አንዲት ሴት ከላይ እስከ ታች አየችኝና፣ «አንተ ብሎ ደግሞ መስካሪ» አለች። ሳቁ። ትክክል መሆኑን የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ፤ የማይታመነውም እኔ ብቻ። ማታውን ምናለ ቦታውን ሊመልስ ነው የሚል ወሬ ሰማሁ። እስካሁን አልመለሰም። እንዳይመልስ እጸልያለሁ።

አሁን ያለሁት እዚህ ነው። ሜዳው ላይ ካስማ ሲተክሉ ከመንገዱ ማዶ ሆኜ አያለሁ። የተከራየሁት ክፍል አይከፋም፤ ጣሪያው አያፈስም። ለእኔ አትጨነቂ። በሶ አትላኪልኝ።

መልስ ስትጽፊ ስለ መዝገቡ ምንም እንዳትጽፊልኝ። «አይደለም» ብትይኝ አላምንሽም፤ «አዎ» ብትይኝ ደግሞ ወረቀቱን የት እንደማደርገው አላውቅም።

ትላንት አርብ ጋሽ ደሞዜን ገበያ አገኘኋቸው። እጅግ ከስተዋል። ስለ ጤናቸው ጠየቅኋቸው፤ ስለ ሥራዬ ጠየቁኝ። ልንለያይ ስንል፣ «እህትህን ሰላም በልልኝ» አሉ። «ወደዚህ ስትመጣ ቤቴ ሳትገባ እንዳታልፍ በላት። አልቆጣም፤ እኔ ዘንድ ቁጭ ብላ እንድታወራኝ ብቻ ነው።»

ትመጣለች አልኳቸው። ባንቺ ስም ቃል ገብቻለሁ፣ እታለም። በአንድ ዓመት ሁለት ጊዜ ውሸታም አታድርጊኝ።

ያሳደገኝ እጅሽ አይዛል። መንገድሽን የቀና ያድርግልሽ፤ ብርዱን ያርቅልሽ፤ እንቅልፍሽን ይመልስልሽ። ጎረቤቶችሽን በሙሉ ሰላም በዪልኝ።

በአንቺ ደጅ ያደግሁ፣
ታናሽ ወንድምሽ